የካሜራው የኋላ በር
በቅጽበታዊ ካሜራ ውስጥ ፊልም ስለማስገባት



«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እህል ከሆነ እውነት ነው። መሬት ላይ የፈሰሰ ጤፍ እንኳ ከነአፈሩ ታፍሶ ይነፋል፣ ይበጠራል፣ ለቡኮ ይበቃል። ብርሃን የገባበት ፊልም ግን አይለቀምም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ ሳይሆን በገዛ እጄ አራት ሕፃናትን አሳዝኜ ስለተማርኩት ነው። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፌ ፎቶ አንስቶ ወዲያውኑ በወረቀት ስለሚያወጣው ካሜራ፣ በተለይም ፊልሙ እንዴት እንደሚገባና ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደሚገባ በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ልጽፍ ነው ስላቸው አንዳንድ የዶርም ጓደኞቼ «አሁን ይሄ ምን ይጻፍበታል? ሰው ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዞ የለም ወይ?» ብለው ሥቀውብኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አጭር ነው። ስልክ ያነሳው ፎቶ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ለልምምድ በሄድኩበት ቀበሌ ፎቶ በወረቀት የሚያትም ቤት አልነበረም። መብራቱም እንደፈለገው የሚመጣና የሚሄድ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ለአንድ ልጅ ፎቶውን እዚያው እጁ ላይ ማስጨበጥ የሚቻለው በዚህ ዓይነቱ ካሜራ ነው። እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

የሆነው ነገር

በማስተማር ልምምዴ ጊዜ የተመደብኩት አንደኛ ክፍል ነበር። ከክፍሉ ልጆች ስማቸውን መጻፍ ገና ያልለመዱ ሃያ ልጆች ተለይተው ለእኔ ተሰጡኝ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እያንዳንዱ ልጅ ፎቶ ይነሳል፣ ከፎቶው ሥር ባለው ነጭ ቦታ ላይ ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የክፍሉ መምህርት ሐሳቡን ወደዱት። «ብዙዎቹ እናቶች የልጃቸው ፎቶ የላቸውም፤ ግድግዳ ላይ ነው የሚለጥፉት፣ ታያለህ» አሉኝ።

አክስቴ ከውጭ አገር ስትመጣ ያመጣችልኝ ኢንስታክስ ሚኒ 11 የሚባል ካሜራና ሁለት እሽግ ፊልም ነበረኝ። አንዱ እሽግ ዐሥር ፎቶ ያወጣል። ልጆቹ ሃያ ናቸው። ሒሳቡ ልክክ ብሎ መጣ፤ ትርፍ ግን አንድም የለም። አክስቴ ካሜራውን ስትሰጠኝ «የኋላ በሩን ዝም ብለህ እንዳትከፍተው» ብላኝ ነበር። እሺ አልኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሷም አልነገረችኝ።

የመጀመሪያው እሽግ ያለ ችግር አለቀ። መጀመሪያ የወጣችው ጥቁር ወረቀት ስለነበረች አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ተቃጠለ!» ብሎ ሲጮኽ ተሳሳቅን። ከዚያ በኋላ ዐሥሩም ልጆች ፊታቸው ከነጩ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ አፋቸውን ከፍተው አዩ። ሁለተኛውን እሽግ አስገብቼ ስድስት ልጆች እንዳነሳሁ ካሜራው ዝም አለ። ቁልፉን ብጫን፣ ደግሜ ብጫን ወይ ፍንክች! አራት ልጆች ተሰልፈው ያዩኛል። የዕረፍት ደወል ሊደወል ነው። ወረቀት ተቀርቅሮ ይሆናል ብዬ የኋላውን በር ከፈትኩት። ይባስ ብዬ የፊልሙን ሣጥን ሳብ አድርጌ አወጣሁና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አየሁት። የተቀረቀረ ነገር የለም። መልሼ አስገባሁና ዘጋሁት።

ኋላ ላይ የባትሪው ነገር ትዝ አለኝ። የመምህርቷን ትንሽ ሬዲዮ ድንጋዮች ተውሼ ብቀይር ካሜራው ነፍስ ዘራ። ለካስ የሞተው ባትሪው ኖሯል! የመጀመሪያዋን ልጅ አቁሜ ቁልፉን ተጫንኩ። ወረቀቷ ወጣች። አንድ ደቂቃ ጠበቅን፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን፤ ነጭ ሆና ቀረች። የቀሩት ሦስቱም ጠርዛቸው ነጥቶ፣ ፊታቸው በጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ደብዝዞ ወጣ። የመጀመሪያዋ ልጅ ነጯን ወረቀት ገልብጣ ጀርባዋን አየችና «ጋሼ፣ እኔስ የታለሁ?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

ጥፋቱ የካሜራውም የፊልሙም አይደለም፤ የእኔ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ከካሜራው ጋር የመጣውን ወረቀት አነበብኩት። ሁሉም ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ «ለምን?» እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማቀርበው ያንን ነው።

ካሜራው ከየት መጣ?

ተራውን የፎቶግራፍ ፊልም ታላላቆቻችን ያውቁታል። በጥቅል የሚገባ ፊልም ነው። 36 ፎቶ አንስቶ ከጨረሱ በኋላ ወደ ፎቶ ቤት ይወሰዳል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት ይታጠባል፣ ከዚያም በወረቀት ይታተማል። ሰው ፎቶውን ለማየት ቀናት መጠበቅ ነበረበት።

ኤድዊን ላንድ የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ይህን ነገር የቀየረው ከአንዲት ሕፃን ጥያቄ ተነሥቶ እንደሆነ ራሱ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳንታ ፌ በምትባል ከተማ ለዕረፍት ሳለ ልጁን ፎቶ ያነሳታል። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። «ፎቶውን አሁኑኑ ለምን ማየት አልችልም?» ብላ ጠየቀችው። ሌላው አባት «ዝም በይ» ብሎ ያልፍ ይሆናል። ላንድ ግን ጥያቄውን ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 ኒው ዮርክ ውስጥ በሳይንቲስቶች ስብሰባ ላይ አዲሱን ዘዴ አሳየ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1948 ደግሞ ፖላሮይድ የተባለው ኩባንያው የመጀመሪያውን ካሜራ ቦስተን ውስጥ ጆርዳን ማርሽ በሚባል መደብር ለሽያጭ አቀረበ። የቀረቡት ካሜራዎች በዚያው ቀን አለቁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ ፊልም የማስገባቱ ሥራ እየቀለለ የመጣበት ታሪክ ነው። የ1948ቱ ካሜራ አንድ ሳይሆን ሁለት ጥቅል ይገቡበት ነበር፤ አንደኛው ብርሃን የሚቀበለው፣ ሁለተኛው ሥዕሉ የሚያርፍበት ወረቀት ነው። ሁለቱን በትክክል አጋጥሞ ማስገባት ልምድ ይጠይቃል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ወረቀቱ በእጅ ተስቦ ይወጣና ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከኔጋቲቩ ይላጣል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጥቅሉ ቀርቶ ጠፍጣፋ እሽግ መጣ። በዚሁ ዓመት የቀለም ፊልምም ወጣ። ይሁንና ወረቀቱን በእጅ መሳቡና መላጡ አልቀረም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን ኤስ ኤክስ 70 የሚባለው ካሜራ ብቅ አለ። ሣጥኑን ማስገባትና በሩን መዝጋት ብቻ ነው፤ ካሜራው በራሱ ሞተር ፎቶውን ገፍቶ ያወጣል። መሳብም መላጥም የለም። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ቅጽበታዊ ካሜራዎች ሁሉ አሠራራቸው በዚህ መንገድ ነው።

የጃፓኑ ፉጂፊልም ኢንስታክስ የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1998 አወጣ። ፖላሮይድ በበኩሉ ዲጂታል ካሜራ ሲስፋፋ ከሠረ፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም ፊልም መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሁሉም አበቃለት ሲል ጥቂት ሰዎች ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤንስኬዴ በምትባል ከተማ የሚገኘውን ፋብሪካ ተረክበው እ.ኤ.አ. በ2010 ፊልሙን እንደገና ለገበያ አበቁት። ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት ፊልም ዛሬም ይሠራል።

ፊልሙ ውስጥ ምን አለ?

የአገባቡን ምክንያት ለመረዳት ከሁሉ በፊት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንዷ የኢንስታክስ ሚኒ ወረቀት ከነጠርዟ 86 ሚሊ ሜትር በ54 ሚሊ ሜትር ናት፤ ከመታወቂያ ወረቀት ብዙም አትለይም። ሥዕሉ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ 62 በ46 ሚሊ ሜትር ነው። ስታዩአት አንድ ወረቀት ትመስላለች እንጂ በውስጧ ብዙ ስስ ንብርብሮች አሉ። ከእነዚህም መካከል የብር ጨው ያለባቸው ንብርብሮች ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ ናቸው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ ብርሃንን ይቀበላል። ከሦስቱ ድምር ቀለም ያለው ፎቶ ይገኛል።

ታዲያ የጨለማ ክፍሉ ሥራ የት ሄደ? እዚያችው ወረቀት ውስጥ ነው ያለው። ሰፊው ነጭ ጠርዝ ለጌጥ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። በውስጡ ወፍራም ፈሳሽ መድኃኒት የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች። ፎቶው ተነሥቶ ወረቀቷ ስትወጣ ሮለር በሚባሉ ሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች መካከል ታልፋለች። ዘንጎቹ ከረጢቷን ያፈነዱና ፈሳሹን ልክ ሊጥ በመዳመጫ እንደሚዳመጥ እኩል አድርገው በንብርብሮቹ መካከል ያስጡታል። በካሜራው ሆድ የሚሰማው «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይኸው ነው። በፎቶ ቤት የሚከናወነው እጥበት በዚህ ሁኔታ እጃችን ላይ ይከናወናል ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የብር ጨው ያለበት ንብርብር ብርሃን የሚያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካሜራው ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ ሲዘጋ የሚገባው ብርሃን ሥዕል ይሆናል። በኋላ በር የሚገባው ብርሃን ግን ሥዕል የለውም። ሁሉንም ቦታ በአንዴ ስለሚመታ ወረቀቷ ነጭ ሆና ትቀራለች። ፊልሙ የልጅን ፊትና የመስኮት ብርሃንን አይለይም፤ ቀድሞ ያገኘውን ይይዛል። የእኔም ስሕተት ይህ ነው። ሣጥኑን ወደ መስኮት ሳዞር ከፊት የነበረችው ወረቀት መስኮቱን «ፎቶ አንስታ» ጨረሰች። ከኋላዋ ያሉት ሦስቱ በእርሷ ስለተጋረዱ የተረፋቸው ነገር ነበር፤ በጠርዝ የሾለከው ብርሃን ግን አበላሻቸው።

አገባቡ ደረጃ በደረጃ

ከዚህ በታች ያለው ለኢንስታክስ ሚኒ ነው። ሌሎቹም ቢሆኑ በመሠረቱ ከዚህ አይርቁም።

ሀ) አስቀድሞ ባትሪውን ማረጋገጥ። ካሜራው ሁለት በር አለው። አንደኛው የባትሪ፣ ሁለተኛው የፊልም ነው። ባትሪው ደብል ኤ የሚባለው ቀጭን ድንጋይ ሲሆን ሁለት ፍሬ ይገባበታል። ሁለቱም አዲስና አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንዱን አሮጌ አንዱን አዲስ ማድረግ አይገባም። ካሜራው ዝም ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። የባትሪው በር ምንጊዜም ቢከፈት ፊልሙን አይጎዳም።

ለ) ፊልሙ የካሜራው መሆኑን ማየት። ኢንስታክስ ሚኒ፣ ስኩዌርና ዋይድ የሚባሉ የተለያዩ መጠኖች አሉ። የአንዱ ፊልም ለሌላው አይሆንም። ሲገዛ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን ማንበብና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ማየት ነው።

ሐ) እሽጉን በጥላ ውስጥ መክፈት። ፊልሙ የታሸገበትን ከረጢት ከመጠቀም በፊት አስቀድሞ መቅደድ አይገባም። ሲቀደድም ፀሐይ ላይ ቆሞ አይደለም። ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ክፍል ውስጥ ሆኖ ቶሎ ማስገባት ነው። ከውስጡ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ይወጣል። ፊት ለፊቱ በጥቁር ወረቀት የተሸፈነ ነው፤ ይህችን ወረቀት በእጅ መሳብ ፈጽሞ ክልክል ነው።

መ) ሣጥኑን በጎንና በጎኑ መያዝ። በጀርባው ላይ አራት ማዕዘን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ጣት እዚያ ላይ አይጫን። የካሜራው በር ሲዘጋ በሩ ላይ ያሉት መግፊያዎች በእነዚህ ቀዳዳዎች በኩል ገብተው ወረቀቶቹን ወደፊት ይገፏቸዋል። አንዷ ስትወጣ የምትከተለዋ ቦታዋን የምትይዘው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ በጣታችን ከተጫንናቸው ግን ወረቀቶቹ ከቦታቸው ሊዛቡ ይችላሉ።

ሠ) ቢጫውን ከቢጫው ጋር ማጋጠም። በሣጥኑ ላይ ቢጫ መስመር አለ። ካሜራውም ውስጥ ቢጫ ምልክት አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ሣጥኑ ቀጥ ብሎ ቁጭ ይላል። እምቢ ካለ ኃይል አይጨመርበትም፤ ተገልብጦ ይሆናልና አውጥቶ ማየት ነው። በዚህ ጊዜ ጥቁሯ ወረቀት ገና ፊልሙን ስለምትጠብቅ ጉዳት የለውም።

ረ) በሩን ድምፅ እስኪሰጥ መዝጋት። «ቀጭ» ካላለ አልተዘጋም። በጀርባው ያለችው ትንሽ ቆጣሪ በዚህ ጊዜ ኤስ የምትባለዋን የላቲን ፊደል ታሳያለች። ትርጉሙም ገና መጀመሪያ ላይ ነን ማለት ነው።

ሰ) ጥቁሯን ወረቀት ማስወጣት። ካሜራውን ከፍቶ ቁልፉን አንድ ጊዜ መጫን ነው። ያን ጊዜ ጥቁሯ ወረቀት ትወጣለች። ልጁ «ተቃጠለ!» ያለው ይህችን አይቶ ነው። አልተቃጠለችም፤ ዘበኛ ናት። ሣጥኑ ከፋብሪካ ወጥቶ እኛ እጅ እስኪደርስና ካሜራው ውስጥ ገብቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ብርሃንን የምትከለክለው እርሷ ነበረች። ሥራዋን ስትጨርስ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙን የሚጠብቀው የካሜራው ሆድና የኋላው በር ብቻ ነው። ቆጣሪዋም 10 ትላለች።

ሸ) ቆጣሪዋ 0 እስክትል የኋላውን በር አለመክፈት። ቆጣሪዋ የምትቆጥረው የቀሩትን ነው፤ ከ10 ወደ 0 ትወርዳለች። በሩ መሐል ላይ ከተከፈተ ደግሞ ቆጣሪዋ አዲስ ፊልም የገባ መስሏት እንደገና ከኤስ ትጀምራለች። ስለዚህ በአንድ ስሕተት ሁለት ነገር ይጠፋል፤ ፊልሙ ይበላሻል፣ ስንት እንደቀረንም አናውቅም።

ፖላሮይድ ከሆነስ?

ፖላሮይድ ያላችሁ ወይም የቤተሰብ አሮጌ ካሜራ ከሣጥን ሥር ያገኛችሁ ትኖሩ ይሆናል። ዋና ዋናዎቹ ልዩነቶች እነሆ።

አንደኛ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉት ወረቀቶች 8 ናቸው። ሁለተኛ፣ ኤስ ኤክስ 70 እና 600 በሚባሉት ፊልሞች ውስጥ ባትሪው ያለው ካሜራው ውስጥ ሳይሆን የፊልሙ ሣጥን ውስጥ ነው። ፊልም ካልገባበት ካሜራው አይነቃም፤ በዚህ ምክንያት ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለ ደህና ካሜራ አይጠፋም። አዲስ ፊልም ማለት አዲስ ባትሪ ማለት ነው። አይ ታይፕ የሚባለው አዲሱ ፊልም ግን ባትሪ የለውም፤ ለአሮጌዎቹ ካሜራዎች አይሆንም። ሲገዛ ይህን አለመለየት ገንዘብ ያስበላል። ሦስተኛ፣ ሣጥኑ ሲገባ ጥቁሩ መሸፈኛ ወደ ላይ፣ የብረቱ ንክኪዎች ወደ ታች ይሆናሉ። በሩ ሲዘጋ ካሜራው ጥቁሩን መሸፈኛ ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። አራተኛ፣ ፎቶው ሲወጣ ገና ብርሃን ይፈራል። ስለሆነም ወዲያው ገልብጦ ወይም ኪስ ከትቶ ማቆየት ያስፈልጋል። የቀለሙ ፎቶ እስኪወጣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ የኢንስታክስ ሚኒ ግን 90 ሰከንድ ገደማ ነው።

ፊልሙ ከገባ በኋላ

ወረቀቷ ስትወጣ በግድ አትሳብ። ካሜራው ጨርሶ ሲለቃት በጠርዟ መያዝ ነው። የመውጫውን ቀዳዳም በጣት አለመጋረድ።

ብዙ ሰው ፎቶዋን እንደ ማራገቢያ ያወዛውዛል። ይህ ልማድ በእጅ ይላጥ ከነበረው ከአሮጌው ፎቶ የመጣ ነው። ያ ፎቶ ገጹ እርጥብ ስለነበረ በነፋስ ይደርቅ ነበር። የዛሬው ግን ፈሳሹ በውስጡ ተዘግቶ ስላለ ነፋስ አይደርሰውም። ማወዛወዝና ማጠፍ ንብርብሮቹን ሊያላቅቅ ይችላል እንጂ አያፈጥነውም። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ መጠበቅ ይሻላል።

የአየሩ ጠባይም ነገር አለው። ኢንስታክስ በደንብ የሚሠራው ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። በደጋ የጧት ብርድ ፎቶዋን ከወጣች በኋላ ኮት ውስጥ ማቆየት ይረዳታል፤ በቆላ ደግሞ ፊልሙን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ማበላሸት ነው። ፊልም ከውጭ የሚላክላችሁም ብትኖሩ መንገደኛው በሻንጣ ውስጥ ከቶ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ እንዳይልከው ንገሩት። የሻንጣው መፈተሻ ጨረር ኃይለኛ ስለሆነ ፊልሙን ሊጎዳው ይችላል። በእጁ ይዞ፣ በዓይንና በእጅ እንዲፈተሽለት መጠየቅ ነው።

በተለይ ከልጆች ጋር ለምንሠራ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በወረቀቷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ነው። ልጆች አዲስ የወጣችውን ፎቶ በመቀስ እንዳይቆርጧት፣ አፋቸውም ውስጥ እንዳይከቷት መጠበቅ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ሰው ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ መታጠብ ነው።

ለእኛ ለመምህራን

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ወደ አክስቴ ቃል እመለሳለሁ። «የኋላ በሩን እንዳትከፍተው» ብላኝ ነበር። ትእዛዙን አልረሳሁትም ነበር እኮ! ነገሩ ሰላም በሆነበት ጊዜ ሁሉ አከበርኩት። ልጆቹ ሲሰለፉ፣ ደወሉ ሲቃረብ፣ ላብ ሲያጠምቀኝ ግን ትእዛዙ ከእጄ ወደቀ። ለምን? ምክንያቱን ስለማላውቅ ነዋ! «በሩን ከከፈትክ ፊልሙ መስኮቱን ያነሳል» ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያንን በር በመዶሻም አልከፍተው። ጥፋቱ የአክስቴ አይደለም፤ አፍ ነበረኝ፣ መጠየቅ እችል ነበር።

እኛም ነገ ክፍል ገብተን «ይህን አድርጉ፣ ያንን አታድርጉ» ማለታችን አይቀርም። ማካፈል ስናስተምር «ከግራ ጀምሩ» እንላለን። ቤተ ሙከራ ውስጥ «አሲዱን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አታድርጉ» እንላለን። ልጁ ፈተና ላይ ጽፎት ያልፍ ይሆናል። ምክንያቱን ካልያዘው ግን በቸኮለበት ቀን ጥሎት ይሄዳል። ምክንያቱን የያዘ ልጅ ደንቡን ቢረሳ እንኳ ራሱ መልሶ ያገኘዋል። የላንድም ልጅ «ለምን?» ባትል ኖሮ ይህ ካሜራ ገና ላይሠራ ይችል ነበር። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ «ለምን?» የሚል ልጅ ሲነሣ አናስቀምጠው።

በመጨረሻም፣ አክስቴ አንድ እሽግ ፊልም በሰው ላከችልኝ። ከልምምዱ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ባትሪውን አስቀድሜ ቀየርኩ። ቢጫውን ከቢጫው አጋጠምኩ። ጥቁሯን አስወጣሁ። ከአራቱ ልጆች ሦስቱን አገኘኋቸውና አነሳኋቸው፤ ስማቸውንም ጻፉበት። አንደኛው ፊደሉን ገልብጦ ጽፎታል፣ ግን ጽፎታል። ያቺ «እኔስ የታለሁ?» ያለችኝ ልጅ ግን ከእናቷ ጋር ወደ አያቷ አገር ሄዳ ስለነበር አላገኘኋትም። ስትመለስ ይነግሩኛል።

የካሜራዬ ቆጣሪ አሁን 7 ትላለች። ከሰባቱ አንዷ የእርሷ ናት። ካሜራውን ለማየትና ለመሞከር የምትፈልጉ ጓደኞቼ ዶርም ድረስ ብትመጡ ባዶውን ሣጥን እያገላበጥኩ ላሳያችሁ ዝግጁ ነኝ። የኋላውን በር ግን ክፈትልን እንዳትሉኝ።

ሰላም ሁኑ!